የባሰው ሽታ

ሬሳ አልነበረም እንጂ ሽታውስ የሬሳ ነበር።

ጠዋት የሕፃኑን ወተት ሊያሞቁ ሲሉ ማይክሮዌቩ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ተንጣጣ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ። እናትየው አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና ወተቱን ደፋች።

"ይቺ ናት!" ብላ የባሏን እህት ጠቆመች። "ምግብ ከነማንኪያው ከታበታለች። የበሰበሰ ሥጋም ሳታሞቅበት አልቀረችም። ዛሬውኑ ትውጣልኝ!"

ልጅቷ ከወንድሟ በቀር ዘመድ የላትም። እያለቀሰች ሻንጣዋን መሸከፍ ጀመረች። ወንድሟ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል።

ማልዶ ሊጠይቃቸው የመጣው የሚስቲቱ አባት ጡረታ የወጣ ፖሊስ መርማሪ ነው። ዛሬ ዛሬ የቤት ዕቃ ይጠጋግናል።

"ማንም አይወጣም። መጀመሪያ ልየው።"

ሶኬቱን ነቀለ። በሩን ከፈተ።

"ኤጭ!" ፊቱን አዞረ። "ሥጋ ቢበሰብስ እንዲህ አይሸትም።"

የሚሽከረከረውን ሳህን ሲያነሳ ቡናማ ቅባት እንደ ንፍጥ ተዝለግልጎ ተከተለው። በጎን በኩል ያለችውን፣ ካርቶን የምትመስል ስስ መሸፈኛ ፈታ። መሐሏ ተቃጥሎ ተበስቷል።

"ብልጭታው ከዚህ ነው። ብረት ገብቶ አቃጥሏታል።"

"ማንኪያ ነዋ! አላልኩም?"

"ወንድሜ ይሙት፣ እኔ አልነካሁትም" አለች ልጅቷ። "ሻይ እንኳ በምድጃ ነው የማፈላው።"

ሽማግሌው ከሳህኑ ሥር ዳበሰ። ቅባቱ ውስጥ ትንሽ የብረት ቀለበት አገኘ፤ የተቃጠለ ክር ተጣብቆባታል። አሸተታት።

በሩ ጋ ሄዶ የቤተሰቡን ጫማ ያገላብጥ ጀመር። የባልየው ሸራ ጫማ ላይ፣ ማሰሪያው ከሚያልፍባቸው ቀለበቶች አንዷ የለችም። ዙሪያው ጠቁሯል።

"ይሄ የማን ነው?"

ባልየው ሻዩን አስቀመጠ። "የ... የእኔ።"

"ምን ሊሠራ ገባ?"

"ሳትነቁ ላደርቀው ብዬ ነው አባባ። በየቀኑ ነው የማጥበው። እግሬ... ቢሮ ማንም አጠገቤ አይቀመጥም።"

"የልጄ ወተት ከሚሞቅበት?" ሚስቲቱ አፏን ይዛ ወደ መታጠቢያው ሮጠች።

ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሰም። "እሷ ስትባረር ለምን ዝም አልክ?"

"እህቴ አይደለች? ይቅር ትለኛለች ብዬ ነው።"

"ስንት ወንጀለኛ አይቻለሁ" አለ መርማሪው፤ "እንዳንተ ያቅለሸለሸኝ የለም።"

ሚስቲቱ ፊቷን ጠራርጋ ተመለሰች። "የኔ እህት፣ በድዬሻለሁ። ሻንጣሽን ፍቺ።"

ልጅቷ ወንድሟን ብቻ አየችው። "ይቅር ብዬሃለሁ" አለችው። የሻንጣዋን ዚፕ ግን ሳብ አድርጋ ዘጋች።

"እኔ ዘንድ ባዶ ክፍል አለ፣ ልጄ" አለ ሽማግሌው፣ ሻንጣዋን አንስቶ። ከበሩ ዞሮም ባልየውን፣ "አዲስ መሸፈኛ እስካመጣ እንዳትሰኩት። እስከዚያ ውስጡን ታጥበዋለህ። በእጅህ!" አለው።

እነሱ ሲወጡ ባልየው ጭንቅላቱን ማይክሮዌቩ ውስጥ ከቶ ይፈትግ ነበር፤ በየመሐሉ እያስታወከ።