የተሰቀለው ስልክ

የእንስሳት ጤና ባለሙያው የገለታ አስከሬን በሰሜን ኬንያዋ ኡራን መንደር ባለው የውሃ ታንከር ማማ ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከማማው ጫፍ አንድ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ተሰቅሎ በነፋስ ይወዛወዛል። እዚያው አጠገብ፣ በፓምፕ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ የሟቹ ላፕቶፕ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ኮኪ ከሞያሌ ድረስ መንገዱ ሲያንገጫግጫት ስለመጣች ወገቧን ይዛ ቆመች። ሲጀመርም ትንሽ የነበረው ትዕግሥቷ መንገድ ላይ ቀርቷል።

«ነገሩ ግልጽ ነው አፋንዴ» አለ የአካባቢው ፖሊስ ሳጅን አዳን፣ በኬንያ ፖሊስ ልማድ አለቃውን እያከበረ። «እዚህ ኔትወርክ ያለው ከፍታ ላይ ብቻ ነው። ገለታ ስልኩን ጀሪካኑ ውስጥ ከትቶ በገመድ ወደ ላይ ይስበዋል። ራሱ እታች ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር ያገናኝና ሥራውን ይልካል። ትናንት አመሻሽ ተቋረጠበት፤ ሊያስተካክል ወጣ፤ ወደቀ። ፖሌ ሳና፣ በጣም ያሳዝናል።»

«ሲወጣ ማን አየው?»

«የፍየል ደላላው ዱባ።»

ኮኪ የማማውን መሰላል ይዛ ጥቂት ደረጃ ወጣችና ተመልሳ ወረደች። መዳፎቿ በዝገት ቀልተዋል። ቁጢጥ ብላ የሟቹን እጆች ገለበጠች። ጣቶቹን የእንስሳት መድኃኒት ነካ ነካ አድርጓቸዋል እንጂ ዝገት የሚባል የለም።

«ይህ ሰው መሰላሉን አልነካም፤ የተፈነከተው ወድቆ አይደለም፤ ሰው ገድሎታል» አለች።

አዳን አላመነታም። አይሱዙ የጭነት መኪናው ላይ ተደግፎ ወደቆመው ኢትዮጵያዊ ሾፌር ሄዶ ካቴና አጠለቀለት። «ትናንት ገለታን ሲሰድበው አገር ሰምቷል። ዛሬውኑ ማርሳቢት እስር ቤት እወስደዋለሁ።»

ኮኪ ተናደደች። ግድያ ነው ባለችበት ቅጽበት ሰው ታሰረ፤ ያውም ሳይጠየቅ።

ሾፌሩ በኃይሉ ይባላል። «በምን ተጣላችሁ?» አለችው።

«ፍየል ልጭን መጥቼ ከለከለኝ። አፍንጫቸው ይዝረበረባል፣ ተላላፊ ነው፣ ለናይሮቢ ሪፖርት አደርጋለሁ፣ ገበያው ይዘጋል አለኝ። እኔም የአፌን ተናገርኩት።»

«ፍየሎቹ የማን ናቸው?»

«የዱባ። እኔ ጫኝ ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ።»

«ያየህ አለ?»

«ፍየሎቹ።» ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «አፋንዴ፣ እጄ ታስሮ ማርሳቢት ከገባሁ እኔን ባዳውን ማን ይሰማኛል? እዚሁ ካልተጣራ አበቃልኝ።»

ሬሳውን ጠዋት ያገኘችው ቦንቱ ናት፤ የፓምፑ ጠባቂ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ጀሪካኑን የሚስበው ማነው?»

«ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። እሱ ኢንተርኔቱን ለላፕቶፑ የሚያጋራውን ሆትስፖት ያበራል፣ እኔ እስባለሁ። አንዴ ሳያበራው ሰቅለነው ስንስቅ ዋልን። አየር ላይ ያለ ስልክ ማን ይነካዋል?»

«በራሱ አይጠፋም?»

«እንዳይጠፋ አድርጎታል። ለዚህ ነው ባትሪ የሚበላው። ረስተነው ካደረ ጠዋት ድርግም ብሎ ነው የምናወርደው። ትናንት ከሰዓት ስልኩን ጄኔሬተሩ ላይ ሞልቼለት ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ስልኩን መክፈት ትችያለሽ?»

«የልጄን የፈተና ውጤት ስናይ ቁጥሩን አሳይቶኛል።»

ዱባ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ከሽርጡ እስከ ጫማው አቧራ ለብሷል፤ የያዘው ዱላ ብቻ ንጹሕ ነው።

«ልጄ፣ የማውቀውን ለሳጅኑ ነግሬያለሁ።»

«ለእኔም ይንገሩኝ።»

«አጠገቡ ቆሜ ነበር። ስልኩ ተሰቅሏል። በላፕቶፑ የናይሮቢን የፍየል ዋጋ እያሳየኝ ሳለ ተቋረጠ። ልውጣ ሲል ሰማሁና ሄድኩ።»

«ሲወጣ አይቻለሁ ብለው ነበር።»

«ሲል ሰማሁ ነው ያልኩት። ያ ሾፌር ከኋላዬ መጥቶ ይሆናል።»

«ዋጋው እንዴት ነበር?»

ዱባ ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ማን ያስታውሳል?»

የፍየል ዋጋ የረሳ ደላላ ኮኪ በዕድሜዋ አልገጠማትም።

ሁሉንም ማማው ሥር ሰበሰበቻቸው። ላፕቶፑንም አስመጣች። «ሳጅን፣ ገመዱን ፍታና ጀሪካኑን አውርድ» አለች።

ጀሪካኑ ምንም ሳይዘው ተንሸራቶ ወረደ።

«የተቀረቀረ ነገር የለም። ሲቋረጥ እንዲህ ያወርደዋል እንጂ ለምን ይወጣል?» ስልኩን አውጥታ ነካችው፤ በራ። ለቦንቱ አሳየቻት። «ባትሪውን እይው።»

«ሙሉ ነው ማለት ይቻላል» አለች ቦንቱ ቀስ ብላ። ከዚያ አፏን ያዘች።

«ስልክ ቢሞላ ምን ይገርማል?» አለ ዱባ።

«ሽማግሌው ሆትስፖት አያውቁም» አለ በኃይሉ ከነካቴናው። «እኔ ብገድለው ኖሮ አብርቼ ነበር የምሰቅለው።»

«አንተ ዝም በል» አለችና ወደ ዱባ ዞረች። «እርስዎ እንዳሉት ስልኩ እየሠራ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ አድሮ አሁን ድርግም ባለ ነበር። ሆትስፖቱ አልበራም። ስለዚህ ትናንት አመሻሽ ላፕቶፑ ኢንተርኔት አልነበረውም፤ አየሁ ያሉት ዋጋም የለም። ስልኩ ሲወጣ ኢንተርኔት ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይተዋል። ከፍታው ብቻ የሚያመጣው መሰለዎት። ከመሰቀሉ በፊት የገለታ ጣት የሚነካውን ግን ልብ አላሉም። ከገደሉት በኋላ ስልኩን ሰቀሉት፤ ለመውደቁ ምክንያት እንዲሆን።»

«ሾፌሩም ሊሰቅለው ይችላል» አለ አዳን።

«ሾፌሩ ኢንተርኔቱ ሲሠራ አየሁ አላለም። ያሉት እሳቸው ናቸው።» ዓይኗን ወደ ዱላው አወረደች። «ውሃ ወረፋ በሚያዝበት አገር፣ ራስዎ አቧራ ለብሰው ዱላ ያጠቡት ለምንድነው?»

ዱባ ዱላውን ወደ ጎኑ ሸሸገ። ከዚያ መሸሸጉን ሁሉም እንዳዩት ገባው።

«ገበያው ከተዘጋ» አለ ማንንም ሳያይ፣ «ፍየሎቼን ምን ላደርጋቸው ነበር? ለመንኩት። አንድ ቀን ዝም በል አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።»

ኮኪ ላፕቶፑን ከፈተችው። ስለ ፍየሎቹ በሽታ ለናይሮቢ የተጻፈ አንድ መልእክት መላክን እየጠበቀ ነበር። ገለታ ጽፎ ጨርሶ፣ «ላክ» የሚለውን ተጭኖ፣ ስልኩን ሊሰቅል ሲነሳ ነው ዱላው ያረፈበት።

«ቦንቱ፣ አብሪውና ሳቢው።»

ቦንቱ ስልኩን ከፍታ ሆትስፖቱን አበራች፤ ጀሪካኑ ውስጥ አስቀምጣ ገመዱን ሳበች። ቢጫው ጀሪካን እየተሽከረከረ ወጣና ጫፍ ላይ ቆመ። ዱባ ዓይኑን ከላፕቶፑ መንቀል አልቻለም። መልእክቱ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ከመጠበቂያው ጠፋ።

«ሄደ» አለች ኮኪ።

አዳን ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ካቴናውን ከበኃይሉ እጅ ፈትቶ ለዱባ አጠለቀለት። በኃይሉ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ መኪናው ተራመደ። መንገድ ላይ ቆመና ዞረ።

«ገበያው ተዘጋ ማለት ነው?»

«ተዘጋ።»

«እንግዲህ» አለ የመኪናውን ባዶ የጭነት ቦታ እያየ፣ «ገለታን ወደ ቤተሰቡ እኔ እወስደዋለሁ።»