በቴሌቪዥኑ ላይ የወጣው ስም

ሐጂ ከሊል ዕድሜያቸውን በሙሉ የከባድ መኪና ፍሬን ሲሸጡ ኖረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በገዛ መጋዘናቸው ውስጥ በአፍጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የክሪክ ብረት እዚያው አጠገባቸው ወድቋል። ገዳዩ ይዞት ለመሄድ ወይ ጊዜ አጥቷል፣ ወይ ልብ አጥቷል።

የጣቢያው መኪና ሌላ ሥራ ላይ ስለነበር ኢንስፔክተር ወለተሥላሴ ወደ ቃሊቲ የመጣችው በታክሲ ነው። ግቢው ከፊት ሱቅ፣ ከመሀል መኖሪያ ቤት፣ ከጀርባ መጋዘን አለው። ኮንስታብል ሰቦቃ በር ላይ ተቀበላት። ደስ ብሎታል፤ ደስታውንም ለመደበቅ አልሞከረም።

«ነገሩ አልቆለታል፣ ኢንስፔክተር። ገዳይዋን ይዣታለሁ።»

«ማን ናት?»

«ሚስትየዋ፣ ሒክማ። እጇ በደም ተነክሮ ነው ያገኘኋት። መኪናው ሲመጣ እንወስዳታለን።»

ከጎረቤት ግቢ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ያባበለው ሰው ተስፋ የቆረጠ ይመስል ልቅሶው ማቆሚያ የለውም።

«ያ ልጅ የማነው?»

«የእሷው ነው። ጡት አልጣለም» አለ ሰቦቃ፣ አሁን ትንሽ አፍሮ። «እንግዲህ ምን ይደረግ? ሰው ገድላለች።»

ወለተሥላሴ ወደ መጋዘኑ ገባች። ሟቹ በቀኝ እጃቸው አንድ የፍሬን ሸራ ጨብጠው ሞተዋል። አጠገባቸው ካርቶን ተቦጭቆ ተከፍቷል። በሩ ላይ እንደተነገራት የመጋዘኑ ግራ ክፍል የሐጂ ዕቃ ማስቀመጫ ሲሆን፣ ቀኙን ኡመይር የሚባል የመኪና ባለቤት ይጠቀምበታል፤ ዕቃ አምጥቶ ለሐጂ የሚያስረክብ ወዳጃቸው ነው። የተከፈተው ካርቶን በቀኙ በኩል ነበር። ወለተሥላሴ ከካርቶኑ አንድ ሸራ አንስታ በጥፍሯ ፋቀችው። ቀለሙ ተላጠ፤ ከሥሩ ተበልቶ ያለቀ አሮጌ ሸራ ወጣ። ከሐጂ መደርደሪያ ሌላ አንስታ ፋቀች፤ ይኼኛው ንክችም አላለ።

«ፎርጅድ ነው» አለች። «ይህን ያሰረ መኪና ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ። ለመሆኑ ሴትየዋ ለምን ገደለቻቸው ነው የምትለው?»

ሰቦቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስልኳን ቴሌቪዥኑ ላይ ለቃ ወራቤ የተደረገ ሠርግ ፎቶ ታሳያለች። የስልኩ ስም ጥግ ላይ 'ሒክማ' ይላል። በመሀል መልእክት ገባባት፤ እዚያው ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ! 'ሳይነቃብሽ ቶሎ አውጪው' ይላል። ጎረቤቷ እትዬ ላጢፋ በዓይናቸው አይተዋል። ውሽማ አላት፣ ወርቁን ልታወጣ ነው፤ ሐጂ አነበቡ፣ ተጣሉ፣ በቃ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሰቦቃ ሞኝ ባይሆንም የያዘውን አለመልቀቅ ግን ይወዳል።

ሒክማ መኝታ ቤት ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ገና ልጅ ናት። የደረቷ ልብስ በወተት ርሷል፤ የጎረቤቱ ልቅሶ በተሰማ ቁጥር ትነሣለች፣ በር ላይ ያለው ፖሊስ ያስቀምጣታል።

«ልጄን አምጡልኝ» አለች ወለተሥላሴን ስታይ። «ከዚያ የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ። ርቦታል እኮ!»

«መጀመሪያ ንገሪኝ። ምን ሆነ?»

«ሌሊቱን ልጁ አላስተኛኝም። ሐጂ 'እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ' ብለው ተቀበሉኝ። ስነቃ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሳሎን ሰው የለም። ፈልጌ ፈልጌ መጋዘን አገኘኋቸው። ቀና ላደርጋቸው ብዬ ነው፣ ወላሂ፣ ደም የነካኝ።»

«ቴሌቪዥኑ ላይ ፎቶ ታሳዪ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ተኝቻለሁ እያልኩሽ! ስልኬም ትራሴ ሥር ነበር። ደግሞስ የምን ፎቶ?»

«የወራቤው ሠርግ።»

«አራስ ሆኜ መች ሄድኩና? ባዲሱ ስልኬ እንዴት እንደሚደረግም አላውቅም። በድሮው ነበር ቴሌቪዥን ላይ የምለቀው፤ እሱ ወድቆ ተሰበረ። ሐጂ 'ሠሪው አይድንም ብሎኛል፣ ጥዬዋለሁ' አሉኝ።»

ወለተሥላሴ ስልኩን ከትራሱ ሥር አንስታ ኪሷ ከተተችው።

ወይዘሮ ላጢፋ ሕፃኑን እያወዛወዘች በሯ ላይ ቆማለች። የወሎ ሴት ናት፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፤ ዛሬ ግን ፊቷ በእንባ አብጧል። ኡመይር ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ነው ያሳደገችው።

«የሰጡትን አልቀምስ አለኝ፣ የኔ እመቤት» አለች። «የናቱን ነው የሚፈልገው።»

«እስቲ ያዩትን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«ምን ላየው? ሰሐን ልመልስ ገባሁ። ሐጂ ብቻቸውን ሶፋው ላይ ናቸው፤ ልጁ ጭናቸው ላይ ተኝቶላቸዋል። ቴሌቪዥኑ የሠርጉን ፎቶ እየቀያየረ ያሳያል። ማንም አይነካው፣ ራሱ ነው የሚሄደው። ጥግ ላይ 'ሒክማ' ይላል። ከዚያ ጽሑፍ ከላይ ሸርተት ብሎ ወረደ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ድምፄን ካላወጣሁ አይነበብልኝም። 'ሳይነቃብሽ ቶሎ አውጪው' ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቅኩ! 'ሐጂ፣ ዛሬ ደግሞ ቴሌቪዥኑ አዛዥ ሆነብዎት!' አልኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ፊታቸው ልውጥ አለ። ልጁን አንስተው ሰጡኝና 'ላጢፋ፣ ይዘሽልኝ ሂጂ' ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ያ ረቢ! ያን ሳቄን መሬት ውጣው በቀረ።»

ወለተሥላሴ ሴትዮዋን አተኩራ አየቻት።

ከሐጂ ጋር ምሳ የበሉት ወንዶች ሁለት ናቸው። የሐጂ የወንድም ልጅ ነቢል ሱቁን ይጠብቃል፤ ወሬ ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ ወጣት ነው።

«ከምሳ በኋላ የት ሄድክ?»

«የአስር ሶላት ልሰግድ መስጊድ ሄድኩ።»

«ታጥበህ? ውዱእ አድርገህ?»

«እንዴታ! ያለ ውዱእ ይሰገዳል እንዴ?»

ወለተሥላሴ እጁን ያዝ አድርጋ ገለበጠችው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መሀል ሰማያዊ ዱቄት ተጣብቋል። «ታዲያ ይኼን የፑል ጠመኔ ውዱእ አያስለቅቀውም?»

ነቢል ዓይኑ እንባ አቀረረ። «መንገድ ማዶ ፑል ቤት ነበርኩ። አጎቴ ሲሞት እኔ ፑል እየመታሁ ነበር። ይህን ለማን ልናገር?»

ኡመይር ግን አልተርበተበተም። ለቀባሪዎች ወንበር እያስገባ ነበር። «ሐጂ አባቴ ነበሩ» አለ። «ሒክማም ልጅ ናት፣ ሰይጣን አሳስቷት ነው። ጠበቃ እኔ አቆምላታለሁ። እኔ እንደሆንኩ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት ነው የወጣሁት፤ አይሱዙዬ ሥር ነበርኩ።»

«ስልክህን ልየው?»

«ባትሪ ጨርሷል» አለ፣ ደረት ኪሱን በእጁ ሸፈን አድርጎ።

ወለተሥላሴ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሒክማ በአንድ በኩል፣ ላጢፋ ሕፃኑን እንደያዘች በሌላ በኩል፣ ወንዶቹ በመሀል። ሒክማ ልጇን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ ሰቦቃ አገዳት። ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ።

«መጥተዋል፣ ኢንስፔክተር።»

«ይጠብቁ» አለች። «በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ቴሌቪዥኑ 'ሒክማ' ስላለ ሒክማን ያዝን። እስቲ የራሷን ስልክ ቴሌቪዥኑ ላይ እንልቀቀው።»

የሒክማን ስልክ አውጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሒክማ የሚል የለም፤ ፋብሪካው የሰጠው የፊደልና የቁጥር ድርድር ብቻ ወጣ። ሰቦቃ ጠጋ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎም አየ።

«ታዲያ ያ የማን ነው?»

«ስልክ ስሙን ባለቤቱ ካልቀየረለት፣ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍም የመጀመሪያዋን ባለቤት ስም ይዞ ይዞራል። ሒክማ፣ በድሮው ስልክሽ ላይ ስምሽን ጽፈሽበት ነበር?»

«በአማርኛ ነው የጻፍኩት» አለች ሒክማ በቀስታ።

«ሁለተኛው መልእክቱ ነው። እትዬ ላጢፋ፣ ሐጂን 'ቴሌቪዥኑ አዛዥ ሆነብዎት' ያሏቸው ለምንድን ነው?»

«ልጁ ጭናቸው ላይ ተኝቷላ! ሒክማ ከመኝታ ቤት ሆና ለሳቸው የላከችው መሰለኝ፤ ልጁን ሳይነቃ አውጣው ለማለት።»

«አውጣው?»

ላጢፋ ሕፃኑን ማወዛወዟን አቆመች።

«ለሴት የተጻፈ ነገር አንብቦ ወንድን 'አዘዘዎት' ብሎ የሚቀልድ የለም» አለች ወለተሥላሴ። «በኋላ ስልኩ የሒክማ ነው ሲሉዎት አፍዎ ሳያስቡት ወደ ሴት መለሰው። አይፍረዱ በራስዎ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን። አሁን ግን ዓይንዎን ጨፍነው ያን ጽሑፍ እንደገና ያንብቡልኝ። እንዳዩት፣ ፊደል በፊደል።»

ላጢፋ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ሳ… ይ… ነ… ቃ… ብ… ህ» አለች። «ብህ! ወላሂ ብህ ነው የሚለው። 'ሳይነቃብህ ቶሎ አውጣው'። ሒክማዬ፣ ላንቺ አይደለም!» ደስታዋ ግን አፏ ላይ እንዳለ ደረቀ። መልእክቱ የወንድ ከሆነ፣ ምሳ ላይ የነበሩት ወንዶች ሁለት ናቸው። ቀስ ብላ ወንድሟን አየችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

«ሳይነቃ የተባለውም ሕፃኑ አይደለም» ቀጠለች ወለተሥላሴ። «የተፈራው የሐጂ መንቃት ነው። የሚወጣውም ወርቅ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ የተደበቀው ፎርጅድ የፍሬን ሸራ ነው። ሐጂ ስልኩ የማን እንደሆነ ሳያውቁ አይቀሩም፤ ፎቶው የተከፈተው ለሳቸው ነውና። ለዚህ ነው ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ ካርቶኑ የሄዱት። ባለስልኩ ፎቶው በራሱ እንዲሄድ ትቶ ወጥቷል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖም ግድግዳ አልፎ ያሳይ እንደነበር ረስቶታል። ነቢል መንገድ ማዶ ነበር፤ ከዚያ ድረስ አይደርስም። ኡመይር፣ ስልክህን አምጣ።»

«ባትሪ የለውም አልኩ እኮ።»

«ቻርጀር አለ።»

ሰቦቃ ስልኩን ከኡመይር ኪስ አውጥቶ ሰካው። ስልክ ነፍስ እስኪዘራ መጠበቅ እንዲህ ያስጨንቃል ብሎ ማን ያስባል? ሕፃኑ ማልቀስ ደክሞት ጣቱን ይጠባል። ኡመይር በሩን አየ፤ ሰቦቃ በሩ ላይ ቆመ። ስልኩ ተነሣ። ወለተሥላሴ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው፤ ስክሪኑ ብልጭ አለና ሒክማ የሚለው ስም በትልቁ ወጣ። መልእክቱን ከፈተችው። ያው ነው፤ «ሳይነቃብህ ቶሎ አውጣው» ይላል፣ ከሥሩም «ሸራውን ሌላ ቦታ አዘጋጅቻለሁ»።

«ይኼ የኔ ስልክ ነው!» አለች ሒክማ። «ሐጂ ጥዬዋለሁ ያሉኝ!»

«አሠርተው ሰጡኝ» አለ ኡመይር። ድምፁ ወርዷል። «መናኸሪያ ስልኬን ስሰረቅ። ሰው እንዳያውቅብህ፣ ለሒክማም አልነግራትም አሉኝ።»

«እንዲህ ባሉ ሰው ላይ ነው ይህን ያደረግከው?» አለ ሰቦቃ፣ ሳያስበው።

«ላወጣው ስገባ ካርቶኑን ቀደው ቆመው አገኘኋቸው። ዛሬውኑ ለሹፌሮቹ በሙሉ እነግራለሁ አሉ። ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። 'ሰው ልታስጨርስ ነው' ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ብረቱን እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም።» ወደ ላጢፋ ዞረ። «እቴ፣ ምናለ ዝም ብትዪ?»

ላጢፋ ፊቷን ከሱ አዞረች። ሳሎኑን አቋርጣ ሕፃኑን ለሒክማ ሰጠች። ዓይኗን ግን ቀና አላደረገችም። ሒክማ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጡቷን አጎረሰችው፤ ልጁ ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ ቤቱን ሞላው። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ እንባዋ ልጁ ግንባር ላይ እየወረደ። ከዚያ አንድ እጇን ዘርግታ የላጢፋን ቀሚስ ያዘች። ላጢፋ አጎንብሳ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወንድሟን ተከትላ ወደ ውጭ ወጣች።

ኡመይርን መኪናው ላይ አስወጥተውት ነበር። ላጢፋ ሰቦቃን ክንዱን ያዘችው።

«ልጄ፣ ነገ ስንቅ ይዞ መምጣት ይቻላል?»

ሰቦቃ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። የመለሰችላት ወለተሥላሴ ናት።

«ይቻላል፣ እትዬ። ጠዋት ይምጡ።»