ስድስት ሰዓት ሙሉ ኃይል

በባግዳዱ ሰፈራችን የመንግሥት መብራት ሲመጣ እልል ይባላል፤ እልልታው ሳያልቅ ይሄዳል። የምንኖረው በሰጃድ ጀነሬተር ነው። ሰጃድ ሁለት ዓይነት መስመር ይሸጣል፦ ግማሽ ቀን የሚሠራ «መደበኛ»፣ ሃያ አራት ሰዓት የማይጠፋ «ወርቃማ»። ወርቃማው እጥፍ ያስከፍላል። እርግጥ አይጠፋም፤ ሐምሌ ሲገባ ግን እንደ ጾመኛ ጉልበት ይዝላል።

ሐውራ የተመራቂዎች ካባ ላይ ስም የምትጠልፍ ልጅ ናት። መቶ ሃያ ካባ ለሐሙስ ካላደረሰች ዩኒቨርሲቲው ሥራውን ለሌላ ይሰጣል። ማሽኗ ደግሞ ኃይል እያነሰው የአንዱን ዶክተር ስም ግማሽ ላይ ትቶታል።

ካባውን ይዛ ሰጃድ ዘንድ ሄደች።

«ይሄ ነው ወርቅህ?»

«ሙቀቱ ነው እቴ፣ ሁሉም ማቀዝቀዣ ከፍቷል። መደበኛውን ውሰጂና በግማሽ ዋጋ ተገላገይ።»

«ሰዓቱን ቀንስ፣ ኃይሉን ሙላ። ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ፤ በመደበኛው ዋጋ።»

«ሽንጡን መርጠሽ በአጥንት ዋጋ!»

«እስካሁን አጥንቱን በሽንጥ ዋጋ ስትሸጥልኝ ምን አልኩህ?»

ሰጃድ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን አየ። «እሺ» አለ። ደንበኛን ያን ያህል ረጅም ጊዜ ማየት ግን በውሉ ውስጥ አልነበረም።

ከማግስቱ ጀምሮ ማሽኗ እንደ ውኃ ይፈስ ጀመር። ረቡዕ ዕለት የሰጃድ እናት ላብ በላብ ሆነው ከተፍ አሉ።

«አንቺ ልጅ! ልጄ የቤቴን መስመር ነቅሎ ላንቺ ቀጠለልሽ! እኔ እቤቴ ተቀምጬ እንደ ዳቦ ልብሰል?»

«እኔ አልጠየቅሁትም፣ እናቴ።»

«እሱስ በልቡ ያለውን መቼ ነገረሽ!»

ሐውራ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ያን ቀን አንድ ካባ ላይ «ሰጃድ» ብላ ጠለፈች፤ ደንግጣ ፈታችው።

ሐሙስ ካባዎቹ ሁሉ ደረሱ። ዓርብ የሰጃድ ሽማግሌዎች እሱንና እናቱን ይዘው አባቷ ቤት መጡ። አሥራ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀረበ፤ እንደ ወጉ የመጡበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንነካም አሉ። ልጅቱ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው። ሐውራ ዝም አላለችም።

«ለጥሎሽ ያሰበውን ወርቅ ይተውና ሁለተኛ ጀነሬተር ይግዛበት» አለች ከመጋረጃው ጀርባ። «ሰፈርተኛው የከፈለበትን ሙሉ ኃይል ያግኝ። ዋጋ ሳይጨምር!»

ሽማግሌዎቹ ሻዩን አዩት። እየቀዘቀዘ ነው።

«ይገዛል!» አለ ሰጃድ፣ መናገር የእሱ ተራ ሳይሆን።

«የኔስ ቤት መስመር?» አሉ ከሐውራ ጎን የተቀመጡት እናቱ።

«ዛሬውኑ ይመለሳል፣ እናቴ። እኔስ ብሆን እቤትዎ ገብቼ በዚያ ሙቀት እንዴት እኖራለሁ?» አለች ሐውራ።

 ከዚያ አሥራ አንዱም የሻይ ብርጭቆ አንድ ላይ ተነሣ።