ወደ ግራ፣ ወደ ታች

መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም። ሰውዬው በጋራዡ የኋላ ግድግዳና በአሮጌዋ መኪና መካከል ተጣብቆ ቀርቷል። ሰፈርተኛው «ካምቢዮ» ነበር የሚለው፤ የማርሽ ሳጥን ሲንኳኳ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር መካኒክ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ መኪናው ይሙት? አቤት!

ታናሽ ወንድሙ እጁን ለካቴና ዘርግቶ ጠበቀ።

«እኔ ነኝ። ወደ ፊት ላወጣት ብዬ በስህተት ወደ ኋላ ነዳኋት።»

ጠዋት ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ፖሊሶቹ ስህተት ማለቱን አላመኑትም፤ በነፍስ ግድያ ሊወስዱት ነው። መርማሪው ግን አልቸኮለም። ጋቢናውን አየ። ማርሹ ኋላ ላይ ነው። የእጅ ፍሬኑ ሊነቀል እስኪደርስ ተጎትቷል። አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ፔዳሉ ያለምንም ጉልበት ወረደለት፤ እግሩን ገና ከወለሉ ላቀቅ ሲያደርግ ደግሞ ያዘ።

ጎረቤቱን በያጁን ጠራው።

«ምን ሰማህ?»

«ሞተሩ ተነሳ፤ ወዲያው መኪናዋ ዘላ ግድግዳውን መታችና ሞተሩ ጠፋ።»

«አንተስ ነድተሃት ታውቃለህ?»

«ኧረ እኔ! በጣቴም አያስነካኝም ነበር።»

ሚስትየዋ ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች።

«እናቴ፣ ወንድማማቾቹ በምን ተጣሉ?»

«ባሌ ካምቢዮውንም ፍሪሲዮኑንም ከሌላ መኪና አውጥቶ ከታናሹ ጋር ገጠማቸው። ታናሹ ‹የድሮው ይሻል ነበር› እያለ ይነዘንዘዋል። ለዚህ ሰው ይገድላል? ባሌን አጣሁ፤ እሱንም ልትወስዱብኝ ነው?»

«ለምን ቀየራቸው?»

«ለልጃችን ነዋ! እኔማ መሪ ጨብጬ አላውቅም። እሷ ግን መንዳት የተማረችው በዚህችው መኪና ነው። ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ያንን ከባድ ፍሪሲዮን መርገጥ አልቻለችም። ከአባቷ ጋር ሦስት ዓመት ተኳርፈው ኖሩ። ትናንት ግን ‹ደውዪላት፣ ትምጣና ትውሰዳት› አለኝ።»

ልጅቷ ጥግ ይዛ ቆማለች። «እኔ የደረስኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አራቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ጥግ ላይ የተጣለውን የድሮውን ካምቢዮ አየሁት፤ አንደኛ ማርሹ ወደ ግራ፣ ወደ ታች ነበር። በአዲሱ እዚያው ቦታ ላይ ያለው የኋላ ማርሽ ነው። በያጁ ቢሆን እንደ ሌላው መኪና ወደ ላይ ያስገባው ነበር፤ መኪናዋም ወደ ፊት ትሄድ ነበር። የድሮው ፍሪሲዮን የሚይዘው እግር ጨርሶ ሊነሳ ሲል ነው፤ አዲሱ ግን ገና ከታች ይይዛል። ነጂው የድሮውን ለምዶ እግሩን ቶሎ አነሳ፤ መኪናዋም ዘለለች።» ወደ ታናሹ ዞረ። «አንተ ሁለቱንም በእጅህ ገጥመሃል፤ ትናንት ስትሞክራት ውለሃል። አትሳሳትም። ሆን ብለህ ብታደርገው ደግሞ የእጅ ፍሬኑን እንዲያ አትጎትትም ነበር። ያንን የጎተተው ሰውየውን ሊያተርፍ የታገለ ሰው ነው።»

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!»

«የድሮዋን የሚያውቅ፣ የአሁኗን የማያውቅ እዚህ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

ታናሹ ወደ መርማሪው ተጠጋ። «ምናለ ዝም ብትል? አባቷን ገደለች እየተባለች እንዴት ትኖራለች?»

«ተው አጎቴ፣ ይበቃል» አለች ልጅቷ። «እኔ ነኝ። እሱ የደረሰው ስጮህ ሰምቶ ነው።»

መርማሪው ባርኔጣውን አወለቀ። ስንቱን ወንጀለኛ ሲያጋልጥ ደስ ያለው ሰው፣ ዛሬ ባልመጣሁ ብሎ ተመኘ። «አደጋ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የምጽፈውም ይህንኑ ነው። ወንድሙን ፍቱት።»

እናትየዋ ወደ ልጇ ሄደች።

«ማርሹ መቀየሩን አልነገረሽም?»

«ረሳው መሰለኝ፣ እማ። ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ የሻንጣ ማስቀመጫውን ክዳን እየዘጋ ነበር። ሰላም እንኳ ሳልለው ገብቼ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። ‹ቀለለሽ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

ልጅቷ ወደ መኪናዋ ዞረች።

«ካወጣኋት በኋላ ወርጄ አመሰግነዋለሁ ብዬ... ዝም አልኩት።»