ተረካቢ ይፈለጋል

ሶፍትዌሩ ለምን እስከ ዛሬ ተረካቢ እንዳላገኘ ለምትጠይቁኝ ሁሉ... መልሱ ይኸው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምነግራችሁ።

ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሰማዩ ዝናብ አርግዟል።

የምኖረው ከእናቴ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእማዬ እግሮች አይታዘዙላትም። በሩንም መብራቱንም በድምጿ እንድታዝ ብዬ ቤቱን ከአንድ ነፃ ሶፍትዌር ጋር አያይዤዋለሁ።

የጻፉት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ኮዱን ለማንም ክፍት አድርገው ለዓመታት ብቻቸውን ሲያስታምሙት ኖሩ። ዓምና ግን «ከዛሬ ጀምሮ አልነካውም» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ድምፃቸው ጠፋ።

ሶፍትዌሩን የሚጠቀም አራት መቶ ቤት ያለ ጠጋኝ ቀረ።

ተጠቃሚዎቹ ፕሮግራመር መሆኔን ስለሚያውቁ ተረካቢ የመፈለጉን ሥራ እኔ ላይ ጣሉት። መምህሩም አንዲት ቃል ሳይጨምሩ የይለፍ ቃሉን ላኩልኝ። እሱን የያዘ ሰው የሚልከው ነገር አራት መቶ ቤት ሳያንኳኳ ይገባል።

ማስታወቂያ አወጣሁ።

በአራት ደቂቃ መልስ መጣ። «እኔ አለሁ» ይላል። ስም የለው፣ ፎቶ የለው።

ዓመት የከረሙ አሥራ አንድ ብልሽቶችን በሦስት ቀን ጠገናቸው። ሰው ሁሉ ጮቤ ረገጠ። ምን ትጠብቂያለሽ፣ የይለፍ ቃሉን ስጪው እንጂ እያሉ ወጠሩኝ። የእኔ ሆድ ግን እንቢ አለ። እንዲህ ያለ ባለሙያ እስከ ዛሬ የት ነበር?

ያን ማክሰኞ አሥራ ሁለተኛውን ጥገና ላከ። ከሥሩ ማስታወሻ አለው።

«የእናትየዋ በር ሲዘጋ ሁለቴ ይንቋቋል። አስተካክዬዋለሁ።»

ስለ እማዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም...

እንዴት እንዳወቀ ጽፌ ጠየቅኩት።

«ይሰማኛል።»

ከየት ሆኖ?

«ከዚሁ።»

ለመምህሩ ደወልኩ። ነገሩን ጀምሬ ሳልጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የይለፍ ቃሉን ሰጠሽው?»

«አልሰጠሁትም።»

«እንዳትሰጪው፣ ልጄ። እኔንም ስንት ወር ነዘነዘኝ... ቤትሽ ስንት በር አለው?»

«አራት።»

«እስቲ የሶፍትዌሩ ዝርዝር ላይ ቁጠሪ።»

ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤ ዝርዝሩን ከፈትኩ። መግቢያው። መታጠቢያ ቤት። የእኔ ክፍል። የእማዬ ክፍል።

ከነሱ ሥር... ስም የሌለው አምስተኛ በር አለ።

«ዝግ» ይላል።

ዓይኔን ሳልነቅል እያየሁት «ክፍት» አለ።

ለመምህሩ ነገርኳቸው።   በሹክሹክታ ጠየቁኝ...

«እናትሽ የት ናት?»

ያኔ ነው የእማዬን ድምፅ ከክፍሏ የሰማሁት። እንግዳ ሲመጣ የምታወጣው ለስላሳ ድምጿ ነው።

«ይግቡ፣ ይግቡ። ወንበር ይሳቡና አረፍ ይበሉ።»

የመብራት ቆጣሪውን አጥፍቼ ሮጥኩ። መብራቱ ሁሉ ድርግም አለ። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

እማዬ አልጋዋ ላይ ናት። ደህና ናት። ሌላ ሰው የለም።

ማን እንደነበር ጠየቅኳት።

«የሚጠግነው ሰውዬ ነዋ። አሁን መጣሁ ብሎኝ ወጣ።»

በአገጯ ባዶውን ግድግዳ አሳየችኝ።

ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ምንም የለም። አየር ነው... ታች መንገድ ነው።

ግርጌው ላይ ግን፣ በተዘጋ በር ሥር እንደሚታየው፣ ቀጭን ብርሃን ተዘርግቷል።

ጎንበስ አልኩ...

ከወዲያ በኩል አንድ ሰው መብራቱን አጠፋው።