የጫጉላ ቤቱ ጥቁር አፈር

ሶምራን መጀመሪያ ያየሁት እርጥብ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው። ያውም የአክስቴ ልጅ የጫጉላ ቤት ግድግዳ ላይ! በጥቁሩ አፈር ላይ ነጩን ጭቃ ደርበን፣ ሳይደርቅብን በተሰበረ ሚዶ እየፋቅን ጣዎስ ስናወጣ፣ ይህ ሰው ዘው ብሎ ገብቶ ጀርባውን አሳረፈበት።

«አንተ! ዐይን የለህም? ጣዎሴን ጨፈለቅከው እኮ!»

ደንግጦ ዘወር አለ። ነጩ ጭቃ ሸሚዙ ላይ ቀርቶ፣ ግድግዳው ላይ የትከሻው ቅርጽ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል።

«ይቅርታ እህቴ... እኔ ነካሁት ወይስ እሱ ነካኝ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ልቆጣ ብል ሳቄ አመለጠኝ። ግድግዳው ላይ የቀረውን የትከሻውን ቅርጽ በሚዶዬ ዝሆን አደረግኩለት። ሠርጉ ላይ ሊያየው መጣ። ከዚያ በኋላማ በየሰበቡ መንደራችን አይጠፋም ነበር። ወደድኩት! ምን ልበላችሁ፣ እንቅልፍ አጥቼ ወደድኩት።

ሥራውን ስሰማ ግን ልቤ ድንግጥ አለ። ሶምራ ከሰል ማውጫው ውስጥ እስካቫተር ነጂ ነው። ጥቁር አፈር የምናወጣበትን ዳገት የበላው ደግሞ ያ ከሰል ማውጫ ነው። ለጋብቻ ሊጠይቀኝ እማዬ ጋ ሲመጣ ነገሩ አበቃ።

«አፈር ከሌለ ጫጉላ የለም። ጫጉላ ከሌለ ሠርግ የለም» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሥራው እኮ ነው! እሱ ባይቆፍር ሌላው ይቆፍራል።»

«ሌላው ልጄን አልጠየቀኝም።»

በእኛ ዘንድ የሙሽራዋ እናት እጇን ጭቃ ካላስነካች ልጅ አትዳርም። እማዬን ደግሞ ለማሳመን ከመሞከር በሬ ማለብ ይቀላል። የሌላው ቤት ግድግዳ በየዓመቱ ሲለቀለቅ፣ የራሷን የጫጉላ ግድግዳ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ማንንም አላስነካችም። ልጅ ሳለሁ ተደግፌው ገርፋኛለች። «አባትሽ ያለው እዚያ ነው» ብላ።

ሶምራ ፊቷ ቆሞ «እናቴ፣ ጥቁር አፈሩን እኔ አመጣለሁ» አላት። ብዙም ሳይቆይ በእንስራ የተበጠበጠ ጥቁር ጭቃ ይዞ መጣ። የእማዬ ዐይን በሞራ ደክሟል፤ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው።

«ሸካራ ነው...» አለች። ግን ቃሉን ጠብቋልና የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። እልል አልኩ!

በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ጥቁሩ ደርቆ፣ ነጩ ተደርቦ፣ እማዬ ሚዶዋን ገና አንዴ ሳብ ስታደርግ ነጩ ጭቃ ከነሥሩ ተገሽልጦ እግሯ ሥር ወደቀ። ደግሞ ሞከረች። ደግሞ ወደቀ። አክስቴ ሉግያ ከመሬት አንስታ አሸተተችው።

«ከሰል! ኧረ ጉድ ነው፣ የተፈጨ ከሰል ነው!»

እማዬ ሚዶውን አስቀመጠች።

«አፈሬን በላ። አሁን ደግሞ በከሰሉ ቀለደብኝ። ሠርግ የለም።»

እየሮጥኩ ወደ ሶምራ ሄድኩ። በሩ ላይ የሠርጉን ሸሚዝ እያጠበ አገኘሁት።

«ለምን? ለምን አዋረድከን?»

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ዳገቱ የለም፣ ፋግኒ። ጉድጓዱ ድረስ ወርጄ ፈልጌያለሁ፤ ውኃ ብቻ ነው ያለው። ባለፈው በጋ የቆፈርኩት እኔው ነኝ... የእናንተ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

«ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም?»

«ብነግርሽ አጣሻለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«አንተ የማትረባ! እንደዚህስ አላጣኸኝም?» አልኩት። እያለቀስኩ እጁን ይዤ ጎተትኩት። «ና፣ ለእሷ ንገራት። በአንደበትህ!»

እማዬ ፊት ቆሞ ምንም ሳያስቀር ነገራት። እሷ አቀርቅራ ሰማችው።

«ማታለልህን ተወው፣ መቀለድህን ተወው። አልቋል ነው የምትለኝ? ጭብጥም የለም?»

«ጭብጥም የለም፣ እናቴ።»

ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። አለቀልኝ ብዬ ደጅ የተጋደመ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ከውስጥ የሚፋቅ ነገር ድምፅ ሰማሁ። ገባሁ። እማዬ በማጭድ የራሷን የጫጉላ ግድግዳ እየፋቀች ነው! ነጩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ጥቁሩን በሳሪዋ ጫፍ ትቀበለዋለች።

«እማዬ! ምን ሆነሻል? አባቴ እኮ...»

«አባትሽ ስንት ዘመን ቆሞ ጠበቀኝ» አለች፣ እጇ ሳያርፍ። እንባዋ ይወርዳል። «ይበቃዋል። አሁን ልጁን ይዳር።»

ከዚያ ወደ በሩ ጮኸች፦ «አንተ! ምን ትገተራለህ? ውኃ አምጣ!»

ደረቁ አፈር ውኃ ሲነካው ነፍስ ዘራ። ነጭ ስለተቀላቀለበት እንደ ድሮው አልጠቆረም፤ መስመሮቹ አመድማ ሆነው ወጡ። ሉግያ አክስቴ «ደብዛዛ ነው» ስትል እማዬ «ሽበት ነው። እሱም ቢኖር ይሸብት ነበር» አለቻት። ሳቅን፣ ደግሞ አለቀስን።

ተጋባን። ሶምራ ሥራውን ተወ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሆድ አለ። ጉድጓዱም ወደ መንደራችን መቅረቡን አልተወም፤ የእኛ ቤት ተራ መቼ እንደሆነ አናውቅም። ማታ ማታ ይህ ያስጨንቀኛል።

የሠርጋችን ማግስት ጠዋት እማዬ ወደ ጫጉላ ቤታችን ገባች። ሶምራ ግድግዳውን ላለመንካት እጆቹን አጣጥፎ መሐል ወለል ላይ ቆሟል። እማዬ መስመሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው። ከዚያ ዞር ብላ፣ እኔን የገረፈችኝ ሴትዮ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ና» አለችው። «ደርቋል፤ ተደገፍ።»