የአንድ ቀን ልብ

«ገና አልተዘጋችም» አለች ነርሷ፣ የማዳመጫውን ጫፍ ከሕፃኑ ደረት ሳታነሳ።

ልጅቷ የያዘችውን ፔርሙስ አስቀምጣ ጠጋ አለች። ወንድሟ ከተወለደ ገና አንድ ቀኑ ነው። እናታቸው አጠገቡ እንቅልፍ ጥሏታል።

«ምኗ ናት ያልተዘጋችው፣ ሲስተር?»

«ልቡ አጠገብ ያለች አጭር የደም ቧንቧ። ማህፀን ውስጥ ሳለ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ስለነበር፣ ደሙ ሳንባውን እየዘለለ በእሷ በኩል ያቋርጥ ነበር። ሲወለድ አልቅሶ ተነፈሰ፤ ደሙም ወደ ሳንባው ዞረ። እሷ ሥራ ፈታች።»

«ታዲያ ሲወለድ አይደል የምትዘጋው? ፈተና ላይ እንደዚያ ጽፌ ማርክ አግኝቻለሁ እኮ።»

ነርሷ ሳቋ መጣ። «ቧንቧዋ ፈተናሽን አላነበበችማ። ሲወለድ መጥበብ ትጀምራለች፤ ለመዘጋት ግን ሁለት ሦስት ቀን ትፈልጋለች። አትደንግጪ፣ ነገ ዶክተሩ ደግሞ ያዳምጠዋል።»

አትደንግጪ ማለት ቀላል ነው። ልጅቷ የቱ እንዳስደነገጣት እንኳ አልለየላትም፤ የወንድሟ ልብ ነው ወይስ የቀጮ ወረቀት?

ቀጮ የዴስክ ጓደኛዋ ነበረች። ባለፈው ሳምንት መምህሩ እንደ ልማዱ ወረቀት አቀያይሮ ሲያሳርማቸው፣ የቀጮ ወረቀት እሷ እጅ ገባ። «ሲወለድ መጥበብ ይጀምራል፤ በቀናት ውስጥ ይዘጋል» ይላል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው መልስ ግን «ሲወለድ ይዘጋል» ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገችበት።

«ላይብረሪ አንብቤው ነው እኮ» ብላ ነበር ቀጮ።

«ባክሽ አትፎግሪ፤ እኔ የማርመው ሰሌዳውን አይቼ ነው።»

በዚያች አንድ ማርክ ቀጮ ከጥያቄና መልስ ውድድሩ ቡድን ወጣች፤ እሷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ቀጮ ኋላ ሄዳ ነው የምትቀመጠው።

«እኔም ልስማው?» አለች ልጅቷ።

ነርሷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ከልብ ምቱ ሥር ሽው የሚል ቀጭን ድምፅ አለ። ደግ ይሁን ክፉ አልገባትም።

ኮሪደር ወጥታ ስልክ ደወለች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለች ቀጮ።

«የፈተና ወረቀትሽን ቀደድሽው?»

«አልቀደድኩትም። ምነው?»

«ሰኞ ይዘሽው ነይ። የኔንም አመጣለሁ። አብረን መምህሩ ጋ እንገባለን።»

«ቡድኑስ?»

ልጅቷ በበሩ መስታወት አሻግራ ወንድሟን አየችው። አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እኔ እንጃ» አለች። «ብቻ ይዘሽው ነይ።»